ሹመት ፈላጊና ነጭ ልብሱ

የላቲን ቋንቋ የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነው። ኢጣልያንኛና ፈረንሳይኛ ከእርሱ የተወለዱ ናቸው፤ እንግሊዝኛም የሌላ ወገን ልጅ ሲሆን ከእርሱ እጅግ ብዙ ቃል ተበድሯል። ቃል ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ትርጓሜው ይለወጣል እንጂ የትውልዱ ምልክት ጨርሶ አይጠፋበትም። ይህንንም ለመረዳት ሮማውያን ሹመት ፈላጊን የጠሩባቸውን ቃላት መመርመር ይበቃል።

ሮማውያን ለነጭ ነገር ሁለት ቃል ነበራቸው። ተራውን ነጭ «አልቡስ» ይሉታል፤ የሚያበራውን፥ ዓይን የሚስበውን ነጭ ግን «ካንዲዱስ» ይሉታል። በሪፑብሊኩ ዘመን በሕዝብ ምርጫ መሾም የሚፈልግ ሰው ቶጋ የሚባለውን የሱፍ ልብሱን በጠመኔ አንጽቶ ወደ አደባባይ ይወጣ ነበር። ስለዚህ «ካንዲዳቱስ»፥ ማለት ነጭ የለበሰ ተባለ። ዛሬ እንግሊዞች ዕጩን «ካንዲዴት» ሲሉት፥ ሳያስቡት ስለ ልብሱ መናገራቸው ነው።

ከዚሁ ሥር አንዲት እኅት ቃል ወጥታለች፤ «ካንዶር» ትባላለች። መጀመሪያ ብርሃንና ንጣት ማለት ነበረች፤ በኋላ ግን የልብ ንጽሕና ሆነች። በእንግሊዝኛ «ካንዲድ» የሚባለው በልቡ ያለውን ሳይሸሽግ የሚናገር ሰው ነው፤ በፈረንሳይኛ ደግሞ ተንኰል የማያውቅ የዋህ ነው፤ ቮልቴርም በ1759 ዓ.ም. ባሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ ዋናውን ሰው በዚህ ስም የጠራው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሁለቱ እኅትማማች ቃላት የተለያዩት ነጩ ባለበት ቦታ ነው፤ ለአንዱ ከውጭ የተቀባ፥ ለሌላው ከውስጥ የሚወጣ ነው። ጠመኔ ደግሞ ዝናብ የሚያጥበው ነገር ነው!

ሮማውያን ራሳቸው ይህን ነጭ አላመኑትም። ታሪክ ጸሐፊው ሊቪዩስ እንደሚተርከው፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት ሹመት የሚፈልግ ሁሉ ልብሱን እንዳያነጣ የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር። ልማዱ ግን ሕጉን አሸነፈው።

ሁለተኛው ቃል ከእግር የመጣ ነው። «አምቢሬ» ማለት መዞር፥ ዞሮ መሄድ ነው። ነጭ የለበሰው ሰው በገበያና በአደባባይ እየዞረ የዜጎችን እጅ ይጨብጣል፤ የሁሉን ስም ሊያውቅ አይችልምና «ኖሜንክላቶር» የሚባል አገልጋይ ከጎኑ ሆኖ የመጪውን ስም በጆሮው ይነግረዋል። ከዚህ ዙረት ሁለት ስሞች ተወለዱ። «አምቢሲዮ» ክብርን መፈለግ ሆነ፤ «አምቢቱስ» ግን ድምፅን በመማለጃ መግዛት፥ በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። የመንገዱ መነሻ አንድ ሲሆን መድረሻው መለያየቱን ቋንቋው ራሱ መዝግቦታል።

በዚህ ላይ የእኛ አገር ቃል ትዝ ይለኛል። እኛ ሹመት መፈለግን «ደጅ መጥናት» እንለዋለን። የእኛ ፈላጊ በአንድ በር ላይ ይቆማል እንጂ አይዞርም፤ ሰጪው አንድ ጌታ ነበርና። የሮማው ይዞራል፤ ሰጪው ብዙ ነበርና። ድካሙ ግን፥ እንደሚመስለኝ፥ አንድ ነው።

ይህ ነገር ብልሁንም ሰው እንደሚያስጨንቅ የሲሴሮን ታሪክ ያሳያል። ሲሴሮን ከዘመዶቹ መካከል ቆንሲል ሆኖ የሚያውቅ አልነበረውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ64 ዓመት ለቆንሲልነት ሲወዳደር፥ ካቲሊናና አንቶንዮስ የተባሉትን ተፎካካሪዎቹን በሴናቶ ፊት ነቀፈ፤ ንግግሩም እስከ ዛሬ በለበሰው ነጭ ቶጋ ስም ይጠራል። በ63 ዓመት ቆንሲል ሆኖ ሳለ፥ ድምፅ በገንዘብ የገዛ ሰው 10 ዓመት እንዲሰደድ የሚያዝዝ ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት ሙሬና የተባለ ለሚመጣው ዓመት የተመረጠ ቆንሲል በዚሁ ወንጀል ተከሰሰ። ጠበቃው ማን ሆነ? ሕጉን ያወጣው ሲሴሮን ራሱ! ምክንያቱን ሲናገር፥ ካቲሊና ጦር ይዞ ሮማን በሚያስፈራራበት ጊዜ አገሪቱ ሁለት ቆንሲሎች ሊጎድሏት አይገባም አለ። ሙሬናም ነጻ ወጣ።

እኔ ሲሴሮንን አስመሳይ ነው ብዬ አልፈርድበትም፤ አደጋው እውነተኛ ነበረ። ነገር ግን ሕግ አውጪ በሕጉ ላይ በመጀመሪያው ዓመት ሲከራከር ያየ ሕዝብ ምን ይማራል? በ54 ዓመት ለምርጫ የሚበተነው ገንዘብ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ፥ በዓመት ከመቶ 4 የነበረው የብድር ወለድ ወደ 8 መውጣቱን ይኸው ሲሴሮን ለወዳጁ ለአቲኩስ ጽፏል። አበዳሪ አትራፊ ሲሆን መራጭ ሸቀጥ ሆነ። አምስት ዓመት ሳይሞላ የቄሣር ጦርነት ተነሣ፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ14 ዓመትም ጢባርዮስ ምርጫውን ከሕዝቡ ወደ ሴናቶ አዛወረው። ከዚያ ወዲህ በአደባባይ የሚዞር ሰው አላስፈለገም።

«ካንዲዳቱስ» ግን ሥራ አልፈታም፤ የላቲን ክርስቲያኖች ነጭ ለብሶ ከጥምቀት የወጣውን አዲስ አማኝ በዚሁ ስም ጠሩት። ከዚያው ሥር የወጣችው «ካንዴላ»፥ ማለት ሻማ፥ በግሪኮች አፍ አልፋ ዐረቦች ዘንድ «ቂንዲል» ተባለች፤ ወደ እኛም ደረሰች። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የሚጸለይበት መጽሐፈ ቀንዲል ስሙን ያገኘው ከእርስዋ ነው።