ሳይ ፋይ ስለሚባለው ስም አመጣጥ

የሳይንስን ዕውቀት መሠረት አድርጎ ገና ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አስመስሎ የሚተርክ ልብ ወለድ ድርሰት፣ ከስሙ ይልቅ በዕድሜ ይበልጣል። ፈረንሳዊው ዡል ቬርንና እንግሊዛዊው ዌልስ ዝነኞቹን መጻሕፍት ሲደርሱ ይህ ዓይነት ጽሕፈት የጸና መጠሪያ አልነበረውም። ስም ሊያወጣለት የደከመው ከሉክሰምበርግ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ሁጎ ገርንስባክ ነው። ይኸውም ሰው በ1926 (ቁጥሩ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) አሜዚንግ ስቶሪስ የተባለውን መጽሔት ሲያቋቁም ሁለት ቃላትን አጣብቆ ሳይንቲፊክሽን አለው። ዳሩ ግን ቃሉ ለምላስ የሚከብድ ነበረና በ1929 ራሱ ገርንስባክ ለያይቶ ሳይንስ ፊክሽን ማለትን አስለመደ።

አጭሩን ስም ያሰራጨው ፎረስት አከርማን ነው። እርሱ ራሱ እንደ ተረከው በ1954 ከሚስቱ ጋራ በመኪና ሲሄድ በራዲዮ ሃይ ፋይ የሚለውን የድምፅ መሣሪያ መጠሪያ ሰማ፤ ወዲያውም ሳይ ፋይ የሚለው ቃል ቤት መታለት። ጋዜጠኞችና የሲኒማ ነጋዴዎች ፈጥነው ተቀበሉት። የድርሰቱ ባለሙያዎች ግን ተጠየፉት፤ በ1970ዎቹም እነ ዴመን ናይትና ቴሪ ካር ርካሹን ሥራ ከቁም ነገረኛው ለመለየት ይጠሩበት ጀመር። ለፌዝ ስኪፊ ብለው ያነበቡትም አሉ።

የጠሉት ስለ አጠረ ብቻ ነው ማለት አይገባም። ማሳጠር በራሱ ነውር አይደለም፤ ዓመተ ምሕረትን ዓ.ም. ብሎ የሚጽፈውን ምሕረትን አቃለለ የሚለው የለም። ደግሞስ እነርሱ ራሳቸው ኤስ ኤፍ በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጠሩት የለምን? ልዩነቱ ሌላ ነው። ደራሲው ሮበርት ሃይንላይን በ1947 ይህን ድርሰት ስፔኩላቲቭ ፊክሽን፣ ማለት በአሳብ እየመረመረ የሚተርክ፣ ብሎት ነበር። የሁለቱም ስሞች መነሻ ፊደላት አንድ ስለ ሆኑ ኤስ ኤፍ በቅኔ ቤት ኅብር እንደሚባለው ሁለት ትርጓሜ ይሸከማል። ሳይ ፋይ ግን ይህ ስፋት የለውም፤ በዚያም ላይ የጭራቅና የሮኬት ሲኒማ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል።

በአከርማን መፍረድ ግን ከፍርድ ያጎድላል። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2008፣ ይህን ድርሰት የወደደ ሰው ነበረ፤ የሰበሰባቸውንም ብዙ መጻሕፍትና ቅርሶች በቤቱ ለጎብኚ ያለ ዋጋ ያሳይ ነበር።

በ1992 በአሜሪካ የተከፈተ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በዚሁ ስም ተጠራ። ስሙ የሁሉ ስለ ሆነ የንግድ ምልክት አድርጎ ለብቻው ሊይዘው አልቻለም። በ2009 አጻጻፉን በሌሎች ፊደላት ለወጠ፤ ንባቡ ግን ያው ሳይ ፋይ ነው።