ከአንድ ሽልንግ ጀርባ

ጁላይ 5 ቀን 1948 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብሪታኒያ ለሕዝቧ በሙሉ ነፃ ሕክምና ጀመረች። ሐኪሙ ነፃ፣ ሆስፒታሉ ነፃ፣ መድኃኒቱም ነፃ። ሥራውን የመራው የጤና ሚኒስትሩ አኑሪን ቤቫን ነበር፤ ዌልስ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ የከሰል ጉድጓድ የወረደ ሰው።

ከዚያማ ሕዝቡ ጎረፈ። ገንዘብ አጥቶ ሕመሙን ችሎ የኖረ ሁሉ ማዘዣ ይዞ መድኃኒት ቤት ተሰለፈ። በጥቂት ወራት ውስጥ በወር የሚታዘዘው መድኃኒት ወደ እጥፍ ተጠጋ። ቤቫን ራሱ፣ መድኃኒቱ በሕዝቡ ጉሮሮ እንደ ፏፏቴ እየወረደ ነው ብሎ እስከማማረር ደርሶ ነበር። በ1949 መንግሥት ለማዘዣ አንድ ሽልንግ ማስከፈል እንዲችል የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ወጥቶም መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

የክፍያውን በር የከፈተው ግን መድኃኒት ሳይሆን ጦርነት ነው። የኮሪያ ጦርነት ተቀስቅሶ ብሪታኒያ ለሦስት ዓመት የጦር ዝግጅት 4,700 ሚሊዮን ፓውንድ መደበች። በኤፕሪል 1951 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂዩ ጌትስኬል ሰው ሠራሽ ጥርስና መነጽር የሚወስድ ሰው ግማሹን ዋጋ ይክፈል አለ። ከዚህ በመጀመሪያው ዓመት ይገኛል የተባለው 13 ሚሊዮን ነው። አሥራ ሦስት! ቤቫን ሥልጣኑን ጥሎ ወጣ። ወጣቱ የንግድ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰንም አብሮት ለቀቀ።

በዚያው ዓመት ሥልጣን የያዘው የቸርችል መንግሥት ሕጉን ከመሳቢያው አወጣውና ከጁን 1952 ጀምሮ ማዘዣ አንድ ሽልንግ ሆነ። ክፍያው በመጀመሪያ በወረቀት ነበር፤ አንድ ወረቀት ላይ ብዙ መድኃኒት ከተጻፈ ያው አንድ ሽልንግ ነው። በ1956 መጨረሻ ግን በእያንዳንዱ መድኃኒት ተደረገ።

የሚገርመው፣ በዚያው በ1956 የኢኮኖሚ ምሁሩ ክሎድ ጊልቦ የመራው አጣሪ ኮሚቴ ሪፖርቱን አወጣ። ገንዘቡ የት እንደሚባክን ፈልግ ተብሎ የተቋቋመ ኮሚቴ ነው። ያገኘው ግን የጤናው ወጪ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያለው ድርሻ ከ3.75 ወደ 3.25 በመቶ መውረዱን ነው። ሽልንጉን ግን ያነሳው የለም።

ዊልሰን በ1964 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በፌብሩዋሪ 1965 ክፍያውን ሰረዘ። አሥራ አራት ዓመት ቆይቶም ቢሆን ያቋቋመበትን ነገር አደረሰ ማለት ነው። ደስታው ግን አልከረመም። በኖቬምበር 1967 የፓውንድ ዋጋ እንዲወርድ ተደረገ፣ የመንግሥት ወጪ ይቀነስ ተባለ፣ በጁን 1968 ክፍያው ተመለሰ፤ ያውም በሁለት ሽልንግ ከስድስት ፔንስ። በሕክምና ክፍያ ምክንያት ሥልጣን የለቀቀው ሰው ራሱ ከፋዩን መልሶ ጠራ።

በዚህኛው ዙር ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና አንዳንድ የማይለቅ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከክፍያ ነፃ ተደረጉ። ዝርዝሩ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ የአንድ መድኃኒት ክፍያ 9.90 ፓውንድ ቢሆንም፣ ከሚሰጠው አሥር መድኃኒት ዘጠኝ ያህሉ ያለ ክፍያ ይወጣል። ዌልስ ደግሞ በኤፕሪል 2007 ክፍያውን ጨርሳ አስቀረች፤ ከአራቱ አገሮች የመጀመሪያዋ። ቤቫን የተወለደባት ትሬዴጋር እዚያ ናት።