ዋጋው ይወርዳል፣ ወጪው ግን አይወርድም

በ2000ዎቹ አጋማሽ አንድ አሜሪካዊ 30,000 ዶላር ገደማ ይዞ ፈጣን ባለ አራት በር መኪና ሊገዛ ቢወጣ ሁለት ምርጫ ይጠብቀው ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ምርጫ አምስት ስድስት ዓመት ያገለገለ ቢኤምደብሊው ኤም5 ነው። ባለ 8 ሲሊንደር፣ 4.9 ሊትር፣ 394 የፈረስ ጉልበት፣ በእጅ የሚቀየር ባለ 6 ማርሽ። ወንበሩ ቆዳ፣ ውስጡ ጸጥ ያለ፣ ሲያዩት የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሚነዳው የሚመስል። አዲስ ሳለ 70,000 ዶላር ገደማ ተሸጧል። አሁን ዋጋው ከግማሽ በታች ወርዷል።

ሁለተኛው ምርጫ ፕላስቲኩ ገና ያልተላጠ አዲስ ሱባሩ ኤስቲአይ ወይም ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን ነው። ሁለቱም ባለ 4 ሲሊንደር ከተርቦ ጋር፣ ጉልበታቸው 300 እና 286፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ። ከኋላ ትልቅ ክንፍ ተተክሎባቸዋል፤ ዳሽቦርዳቸው ግን ከተራ የቤተሰብ መኪና የተወሰደ ነው።

ሦስቱም ከቆሙበት ተነሥተው በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ አምስት ሰከንድ ገደማ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው የፍጥነት አልነበረም። ጥያቄው በተመሳሳይ ገንዘብ የማን ዕዳ ነው የሚገዛው የሚል ነበር። ይህን ለመመለስ ሁለቱ መኪኖች ከየት እንደመጡ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለት የተለያዩ የዘር ሐረጎች

ቢኤምደብሊው ዛሬ የሀብት ምልክት ይሁን እንጂ በ1959 ሊዘጋ ጫፍ የደረሰ ፋብሪካ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በተደረገው የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ተቀናቃኙ ዳይምለር ቤንዝ እንዲጠቀልለው ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ትናንሽ ባለአክሲዮኖች አሻፈረኝ አሉ፤ ባለሀብቱ ኸርበርት ኳንትም ድርሻውን አሳድጎ ኩባንያው ራሱን ችሎ እንዲቀጥል አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ በፍራንክፈርት የታየው ባለ አራት በሩ 1500 ኩባንያውን አዳነው። ቤተሰብ የሚጭን ነገር ግን አሽከርካሪውን የማያሰለች መኪና የሚለው ሐሳብ ከዚያ ተነሣ። በ1985 ያ ሐሳብ ጫፉ ላይ ደረሰ፤ ኤም1 ከተባለው የስፖርት መኪና የተወሰደ ባለ 286 የፈረስ ጉልበት ሞተር በጨዋው 5 ሲሪስ ውስጥ ተገጠመና የመጀመሪያው ኤም5 ተወለደ።

የሌላው ወገን ታሪክ ከዚህ ይለያል። ርካሽ ፍጥነትን ለተራው ሰው መሸጥ በአሜሪካ የገነነው በ1964 ነው። በዚያ ዓመት ፖንቲያክ ጂቲኦ ወጣ፤ በሚያዝያ 17 ደግሞ ፎርድ ሙስታንግን በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ አቀረበ። መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። ወጣቱ ተሰለፈ። ይሁንና የኢንሹራንስ ክፍያ መናር፣ የጭስ ቁጥጥር ሕግ፣ በመጨረሻም የ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ ያንን ዘመን ዘጉት።

ክፍተቱን ከሃያ ዓመት በኋላ የሞሉት ጃፓኖች ናቸው። የዓለም ራሊ ውድድር ደንብ አንድ ፋብሪካ ለውድድር የሚያቀርበውን ዓይነት መኪና በሺዎች አምርቶ ለሕዝብ እንዲሸጥ ያስገድድ ነበር። ሱባሩ ደብሊውአርኤክስና ሚትሱቢሺ ኢቮሉሽን ሁለቱም በ1992 የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ኮሊን ማክሬ በ1995 በሱባሩ፣ ቶሚ ማኪነን ከ1996 እስከ 1999 በተከታታይ በሚትሱቢሺ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። አሜሪካውያን ግን እነዚህን መኪኖች ለዓመታት የሚያውቋቸው በቴሌቪዥንና በቪዲዮ ጨዋታ ብቻ ነበር። ደብሊውአርኤክስ የደረሳቸው በ2001፣ ኢቮሉሽንና ኤስቲአይ ደግሞ በ2003 ነው።

በዚህ ሁኔታ በአንድ ዋጋ የተገናኙት አንዱ ከላይ የወረደ፣ ሌላው ከታች የወጣ መኪና ነበሩ።

የቅንጦት መኪና ለምን ይወድቃል?

ለዚህ መልሱ ከሞተሩ ይልቅ በግብር ሕጉ ውስጥ ይገኛል። በ1986 የወጣው የአሜሪካ የግብር ማሻሻያ ሕግ ለግል ፍጆታ በተወሰደ ብድር ላይ የሚከፈል ወለድ ከግብር እንዲቀነስ የሚፈቅደውን አሠራር በየደረጃው አስቀረ። መኪና በብድር መግዛት ያስገኝ የነበረው ጥቅም ሲቀንስ የሊዝ ውል ተስፋፋ። ደንበኛው መኪናውን አይገዛም፤ ለሦስት ዓመት ያህል ይከራያል፣ ከዚያ መልሶ በአዲስ ይለውጣል።

በተለይ በውድ መኪኖች ዘንድ ይህ የተለመደ ሆነ። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ በየሦስት ዓመቱ ብዙ ያማሩ መኪኖች በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ይመለሳሉ። ሀብታሙ ያገለገለ አይፈልግም፤ መካከለኛ ገቢ ያለው ደግሞ ጥገናውን ይፈራል። ሻጩ ብዙ፣ ገዢው ጥቂት ሲሆን ዋጋው ይወድቃል።

ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ ወጣት የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጥናት አሳተመ። ከዚያ በፊት ሦስት መጽሔቶች አንቀበልም ብለው መልሰውለታል። አሜሪካውያን ብልሽቷ የማያልቅ መኪናን “ሎሚ” ይሏታል፤ የአከርሎፍ ጥያቄም ስለ ሎሚዎቹ ነበር። ሻጭ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢው ይህን ስለሚረዳ ለጥሩውም ለመጥፎውም እኩል ዝቅ ያለ ዋጋ ያቀርባል። የጥሩ መኪና ባለቤት በዚያ ዋጋ ከምሸጥ ይቅርብኝ ብሎ ይወጣል። ገበያው ላይ የሚበዛው እንግዲህ ሎሚው ነው። አከርሎፍ በ2001 የኖቤል ሽልማት ሲጋራ ይህ ጥናት ዋናው ሥራው ነበር።

አከርሎፍ የጻፈው ስለ ማንኛውም ያገለገለ መኪና ነው። በቅንጦት መኪና ላይ ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል።

የ70,000 ዶላር ፍሬን

መኪናው 30,000 ዶላር ሲገባ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው አብረው አይረክሱም። የመለዋወጫው ዋጋ የተተመነው 70,000 ዶላር መክፈል ለሚችል ሰው ነው፤ የባለሙያው የሰዓት ክፍያም እንዲሁ። ቢኤምደብሊው በአሜሪካ ይሰጥ የነበረው ዋስትና ለአራት ዓመት ወይም 80,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ዋስትናው ካለቀ ወይም ሊያልቅ ሲል ነው።

በሌላ አነጋገር የመጀመሪያው ባለቤት የከፈለው የዋጋውን ውድቀት ነው። ሁለተኛው የሚከፍለው የማሽኑን እርጅና ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ኪሳራ አይቶ “ሌላው ከሰረልኝ” ብሎ ይደሰታል፤ ተራው የእሱ መሆኑን የሚያውቀው ከመጀመሪያው የጋራዥ ደረሰኝ በኋላ ነው።

የዚህ ግልጹ ምሳሌ በ2005 የወጣው ቀጣዩ ኤም5 ነው። ባለ 10 ሲሊንደር፣ 500 የፈረስ ጉልበት፣ በአሜሪካ ከ80,000 ዶላር በላይ። ሞተሩ ድንቅ ነበር፤ ድምፁ እስከ ዛሬ ይወደሳል። ነገር ግን የሞተሩ ውስጠኛ ኩሽኔታዎች ቶሎ እንደሚበሉ፣ ማርሹን በራሱ የሚቀይረው የሃይድሮሊክ ክፍልም ውድ ብልሽት እንደሚያመጣ በአሽከርካሪዎች ዘንድ ታወቀ። ዋጋው በፍጥነት ወረደ። መኪናውን መግዛት የሚችለው ሰው ቁጥር በየዓመቱ ሲጨምር መጠገን የሚችለው ግን ባለበት ቆመ። በአደባባይ ሲያልፍ ያማረ፣ ባለቤቱ ግን እንደ ማሽላ እያረረ የሚስቅበት መኪና ሆነ።

አዲሱም ነፃ አይደለም

ይህ ሁሉ ሲባል አዲሱን መምረጥ ወጪ የለውም ማለት አይደለም። አዲስ መኪና ትልቁን የዋጋ ቅናሽ የሚያየው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የኢንሹራንስ ድርጅቶች ወጣት አሽከርካሪና ተርቦ ያለው ራሊ መኪና አንድ ላይ ሲያዩ ክፍያውን ከፍ ያደርጋሉ። ረጅም መንገድ ላይ ሞላው ያንገጫግጫል፣ ድምፁ ያደክማል። ለሽማግሌ አባትና ለሕፃን ልጅ የሚመች ወንበር ኤም5 ላይ እንጂ ኢቮሉሽን ላይ አይገኝም።

ልዩነቱ ያለው ወጪው በመታወቁ ላይ ነው። የአዲሱ ገዢ ወርሃዊ የብድር ክፍያውን፣ ኢንሹራንሱንና የዘይት ቅያሬውን ደምሮ ዓመቱን አስቀድሞ ማስላት ይችላል። ሞተሩ ቢሰበር የሚጨነቀው ፋብሪካው ነው። ያገለገለው ኤም5 ገዢ ግን ስሌቱን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ተጠባባቂ ገንዘብ ላለው ይህ ጨዋታ ነው፤ የመጨረሻ ሳንቲሙን አሟጦ ለገዛ ሰው ግን ቁማር ነው። ያገለገለ የቅንጦት መኪና የሚያዋጣው አዲሱንም ለመግዛት ብዙም ለማይቸገር ሰው መሆኑ የዚህ ገበያ ምፀት ነው።

ታሪክ የገለበጠው ስሌት

ያም ሆኖ ጊዜ ብልሆችንም ያሳፍራል። በ2021 የኮምፒውተር ቺፕ እጥረት ፋብሪካዎችን ሲያስቆም በአሜሪካ ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ በሰኔ ወር ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው በ45.2 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። መኪና በየዓመቱ ይረክሳል የሚለው ሕግ ለጊዜው ተሻረ።

ኢቮሉሽን በ2010ዎቹ አጋማሽ ምርቱ አበቃ። ሱባሩም በመጋቢት 2022 በቤንዚን የሚሠራ አዲስ ኤስቲአይ እንደማያወጣ አስታወቀ። ያ በእጅ ማርሽ የሚነዳው የ2000 ሞዴል ኤም5 ደግሞ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ቅርስ ሆነ፤ ብዙ ያልተነዱና በንጽሕና የተያዙት በጨረታ ላይ አዲስ ሳሉ ከተሸጡበት ዋጋ በላይ አውጥተዋል።

ታዲያ ኤም5 የመረጠው ሰው ነው ያተረፈው? መልሱን የሚወስነው መሐል ያሉትን ዓመታት መሻገሩ ነው። ዛሬ በውድ የሚሸጡት ባለቤታቸው እያንዳንዱን ጥገና በጊዜው መክፈል የቻለላቸው ናቸው። በሁለት ሺህ ዶላር እጥረት ጓሮ ቆመው የበሰበሱት ጨረታ ላይ አይታዩም።

በኢትዮጵያ የተገላቢጦሽ

ይህ ታሪክ የሩቅ ቢመስልም ተመሳሳዩ ጥያቄ በአዲስ አበባም አለ፤ አመላለሱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በኢትዮጵያ ለአሥርት ዓመታት ያገለገለ ቶዮታ ዋጋው እምብዛም አይወርድም ነበር፤ አንዳንዴም ከተገዛበት በላይ ይሸጣል። የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ፈረስ ጉልበት አልነበረም፤ “መለዋወጫው ይገኛል ወይ?” የሚል ነበር። መለዋወጫው በየሱቁ ያለ፣ በየሰፈሩ ጋራዥ ሊጠገን የሚችል መኪና ዕድሜው ቢረዝምም ይከበራል። አሜሪካዊው ከደረሰኝ በኋላ የተማረውን የኢትዮጵያ ገዢ ከመግዛቱ በፊት ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል።

ሆኖም ምርጫው ሙሉ በሙሉ በገዢው እጅ አልቆየም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ሲጥል እስከ 1,300 ሲሲ ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ከ30 ወደ 5 በመቶ ዝቅ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። የ1986ቱ ሕግ አሜሪካዊውን ወደ ሊዝ እንደገፋው ሁሉ እነዚህ ውሳኔዎችም ኢትዮጵያዊውን ወደ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገፉት።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ቤተሰብ ዕቁቡንና ቁጠባውን ሰብስቦ ሲወጣ የሚያነጻጽረው አገር ውስጥ ያለ አሮጌ የነዳጅ መኪናን ከአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ጋር ነው። አንዱ ዋጋው የተወደደ፣ ጥገናው የታወቀ ነው። ሌላው ነዳጅ ሰልፍ የማያሰልፍ፣ ባትሪው ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የያዘ ነው። የኤም5 ገዢዎች ሳይጠይቁ ያለፉት ጥያቄ እዚህም አለ፤ ዋስትናውን የሚያከብረው ማን ነው? አስመጪው ከአምስት ዓመት በኋላ ይኖራል? ባትሪው ሲደክም በስንት ይቀየራል? ማንስ ይቀይረዋል?

እነዚህን ጥያቄዎች ለሻጩ አቅርቦ መልሱን በጽሑፍ የተቀበለ ገዢ፣ አሮጌም ይምረጥ አዲስ፣ የሚከፍለውን ያውቃል። ያልጠየቀው ግን የ30,000 ዶላር መኪና ገዝቶ የ70,000 ዶላር መኪና ጥገና እንደሚከፍለው አሜሪካዊ ይሆናል።