የጳጳሱ ኑዛዜ

ደራሲ በአንባቢ ፊት ገመናውን ሲገልጥ ይከበራል ወይስ ይናቃል? ጥያቄው የዘመናችን ብቻ አይደለም። አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ397 ዓ.ም. ገደማ «ኑዛዜ» የተሰኘውን መጽሐፉን መጻፍ ሲጀምር፣ ዛሬ በአልጄሪያ በምትገኘው በጥንታዊቷ ሂፖ ጳጳስ ነበር። ያለፈ ሕይወቱን እያነሡ የሚነቅፉት ባላንጣዎችም ነበሩት። እርሱ ግን በ16 ዓመቱ ሳይርበው የሰው ፍሬ መስረቁን፣ ሳያገባ ልጅ መውለዱን በገዛ እጁ ጻፈ።

ያለፈን ኃጢአት መናገር ለተመለሰ ሰው ያን ያህል አይከብድ ይሆናል። የሚከብደው ከ13ቱ ክፍሎች በ10ኛው የሚገኘው ነው፤ ጳጳስ ከሆነም በኋላ የሰው ምስጋና ልቡን እንደሚፈትነው አመነ። ያመነውም ለዚያው ለሚያመሰግነው አንባቢ ነው! በእርጅናው፣ እ.ኤ.አ. በ427 ዓ.ም. ገደማ፣ 93 ድርሰቶቹን መልሶ መርምሮ ስህተቱን በይፋ አረመ።

እኔም በባንክ ሥራዬ ይህን ሥርዓት አውቀዋለሁ፦ በሰነድ ላይ ስህተት አይፋቅም፤ የተሳሳተው ቁጥር እንደተነበበ ይሰረዝና ይፈረምበታል። ግጥም ስጽፍ ግን «እኔ» ያልሁትን እየፋቅሁ «እርሱ» በማለት ስንት ዓመት ኖርሁ። ወዳጄ አንባቢ፣ ፈርቼ ነው እንጂ፣ «እርሱ» ያልሁህ እኔ ነበርሁ።