የጋፋት ተማሪዎች እነማን ነበሩ?

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ስሙ ሲነሣ ሁላችንም ዘንድ ቶሎ የሚመጣው ሴባስቶፖል ነው፤ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል። እዚያ እሳት ዳር ማን ማንን እንዳስተማረ ግን እምብዛም አንጠይቅም።

አስተማሪ የተባሉት ራሳቸው ተማሪዎች ነበሩ። ዮሐንስ ማርቲን ፍላድና ጓደኞቹ በ1848 ዓ.ም. ገደማ፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ደግሞ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነው። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ፣ የእጅ ሥራም የሚችሉ ሚስዮናውያን ነበሩ። መድፍ ማቅለጥ ግን ማንም አላስተማራቸውም። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው አናውቅበትም አሉ። ቴዎድሮስ ደግሞ «አናውቅም» የሚለውን ቃል እንደ መልስ የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። እያባበሉም እያስፈራሩም ሥራውን አስጀመሯቸው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያገራችን ቀጥቃጭ በወናፍ እሳት እያፋፋመ ማረሻና ማጭድ፣ ጦርና ጎራዴ ያወጣ ነበር። ትልቅ ጥበብ ነው፤ ሆኖም ብረቱ በእሳት ይለሰልሳል እንጂ እንደ ውሃ አይፈስም። ለትልቅ መድፍ ግን ብዙ ኩንታል ብረታ ብረት በአንድ ጊዜ ቀልጦ፣ ሳይቋረጥ ወደ ቅርጹ መፍሰስ አለበት። ያን ሙቀት የሚችል እቶን ከየትኛው ጭቃ ይሠራል? ተራው ጭቃ ከማዕድኑ ጋር አብሮ ይቀልጣል። ቅርጹ በደንብ ካልደረቀም የቀለጠው ሲነካው እርጥበቱ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሁሉን ይበትነዋል። ይህን አውሮፓ ተቀምጦ በመጽሐፍ ያነበበ ሰው እንኳ የደብረ ታቦርን አፈር አያውቀውም። አፈሩን የሚያውቀው አገሬው ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሄደ አይመስለኝም።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ዋልድማየር በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው ንጉሡ በውድቀቱ አልተቆጡም፤ ደግማችሁ ሞክሩ አሉ እንጂ። በቁጣቸው ለሚታወቁት ቴዎድሮስ ይህ የሚገርም ትዕግሥት ነው። እንቢ ያለን አይምሩም፣ ሞክሮ የተሳነውን ግን ይታገሡታል። ከአንድ የሥራ አለቃ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ኋላም መድፉ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጎተት፣ ንጉሡ መንገድ ጠራጊዎቹ መካከል ገብተው በገዛ እጃቸው ይሠሩ እንደነበር ያዩ ፈረንጆች ጽፈዋል።

በቅልጠቱ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሞሪትዝ ሆል የተባለ የፖላንድ ተወላጅ ነው። (ከኢትዮጵያዊት ባለቤቱ የወለዳት ልጁ ማግዳሌና የዝነኛው እንግሊዛዊ ተዋናይ የፒተር ዩስቲኖቭ አያት ናት።) ዋልድማየርም የቴዎድሮስ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ፣ ኋላ ሊባኖስ ገብቶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቁሟል። የአስተማሪዎቹን ትዳር፣ ልጆችና መቃብር ሳይቀር እናውቃለን። ወናፍ የነፉት፣ ጭቃ የረገጡት፣ የፈረሰውን እቶን መልሰው የገነቡት ኢትዮጵያውያን ግን በብዙዎቹ መጻሕፍት «ሠራተኞች» ተብለው ታልፈዋል።

ጥፋቱን በፈረንጆቹ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። እኛም ባለ እጁን ስናንቋሽሽ ኖረናል። በጎንደር ዙሪያ የነበሩት ቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ማረሻችንን እየሠሩልን «ቡዳ» ይባሉ ነበር። ነውሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የሚያሳየው፣ ጋፋት ከጠፋ 40 ዓመት ቆይቶ በጥር 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማውጣታቸው ነው። በእንዲህ ያለ አገር ጋፋት ላይ ብረት ማቅለጥ የተማረ ወጣት ቀዬው ሲመለስ ሙያውን ያወራዋል ወይስ ይደብቀዋል?

ቴዎድሮስ ተጨማሪ ባለሙያ ፈልገው በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። እንግሊዞችም ሠራተኞችና መሣሪያ እስከ ምጽዋ አድርሰው፣ ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን አለመፈታታቸውን ሲያዩ መለሷቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ሞቱ፤ የጋፋት ፈረንጆችም እስረኞቹን ሊያስፈታ ከዘመተው ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወጡ። በእኔ ግምት ጋፋትን የገደለው የመምህራኑ መሄድ ሳይሆን ተማሪዎቹን ሰብስቦ ሥራ የሚሰጥ ሰው መጥፋቱ ነው። እቶኑን ደግመው ደጋግመው ያነደዱ እጆች ማቅለጡን በአንድ ጀምበር አይረሱትም።

ደብረ ታቦርና አካባቢው ያላችሁ አንባብያን፣ «አያቴ ጋፋት ይሠራ ነበር» የሚል ሽማግሌ ካላችሁ የአያቱን ስምና የሠራውን መዝግባችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን እናትመዋለን።