ተቀበል! ባንዶቻችን ታዳሚን እንዴት ይይዙ ነበር?

የዛሬ ኮንሰርቶቻችንን ልብ በሉ። ድምፃዊው «እጃችሁን ወደ ላይ!» ይላል። እጅ ይወጣል፣ ከእጁ ጋር ስልክም ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ «አልሰማኋችሁም!» ይላል፣ ሕዝቡም ይጮኻል። ከኋላው ያለው ባንድ ግን አንገቱን ደፍቶ የተለማመደውን ይጫወታል። ዘፈኑ ሲያልቅ ይጨበጨባል፣ ቀጣዩ ይገባል። ማንም አላጠፋም፤ ግን በመድረኩና በሕዝቡ መካከል ምንም ነገር አልተካሄደም። ሰውየው ቤቱ ሆኖ አልበሙን ቢሰማ ኖሮ ያጣው ነገር ቢኖር የድምፅ ማጉያውን ጩኸት ብቻ ነው።

ብዙ ወጣት ባንዶች ይሄ ይገባቸዋል። መፍትሔውን የሚፈልጉት ግን መብራት ላይ፣ ጭስ ላይ፣ ልብስ ላይ ነው። እነዚህ ነገሮች መጥፎ አይደሉም። ግን የኢትዮጵያ መድረክ ታሪክ ይህን ጥያቄ ደጋግሞ መልሶታል፤ መልሱም ከመብራት ይልቅ ርካሽ፣ ከመብራት ይልቅ ደግሞ አድካሚ ነው።

ሦስተኛው ሥራ

ከአዝማሪው እንጀምር። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ጠጅ ቤት ሲገባ ከፍ ያለ መድረክ አይጠብቀውም። በተቀመጡት ሰዎች መሀል ይቆማል፣ ይዞራል፣ ያያል። ማን ከማን ጋር መጣ? ማን ዘንጧል? ማን ተኮሳትሯል? ይህን ሁሉ እየዘፈነ ይለቅማል፤ ከዚያ ግጥም አድርጎ ለባለቤቱ ይመልሰዋል። ታዳሚውም ዝም ብሎ ሰሚ አይደለም። «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ይቀበላል፣ ከዜማው ጋር ያስማማል፣ ይዘፍነዋል። ደስ ያለው ሰው ተነስቶ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል።

አዝማሪው እንግዲህ በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ይሠራል፦ ይመታል፣ ይዘፍናል፣ ይሰማል። ሦስተኛውን ከተወው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንጀራ አይሆኑትም።

ይህ ችሎታ እንደ ቀልድ የሚታይ አልነበረም። የካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ የጣሊያን አስተዳደር ተይዘው እንዲረሸኑ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮች ጋር አዝማሪዎችም ነበሩ። ማሲንቆ ብቻ የያዘ ሰው ለምን ያስፈራል? የሕዝቡን ስሜት ከአንዱ ቤት ሰምቶ በሌላው ቤት ስለሚያሰማ ነዋ።

አርባ ልጆችና ኖታ

ዘመናዊው ባንድ የመጣው በሌላ በር ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም ሄደው ሳለ በእልቂቱ ወላጆቻቸውን ያጡ የአርመን ልጆች የሚጫወቱበትን የነሐስ ባንድ ሰሙ። ወደዱትና አርባዎቹን ልጆች አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የማዘጋጃ ቤቱን፣ የፖሊስንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ሙዚቀኞች አሠልጥነዋል።

በዚህ ዘመን ክፍሉ ራሱ ተቀየረ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። መድረኩ ከፍ አለ፣ ወንበሩ በረድፍ ተደረደረ፣ ታዳሚው ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። ዩኒፎርም የለበሰ ኦርኬስትራ ፊት «ተቀበል!» ብሎ የሚጮህ ማን አለ?

የጠፋው ነገር ትንሽ አይደለም። የተገኘውም እንዲሁ። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሙዚቀኞች ደመወዝተኞች ነበሩ። ኖታ ያነባሉ፣ ልምምድ መቅረት አይችሉም፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያውቃል። ይህ ከታዳሚ ጋር ምን ያገናኘዋል ካላችሁ፣ በጣም ያገናኘዋል። ቀጣዩ ኮርድ ምን ነበር እያለ የሚጨነቅ ጊታሪስት ሰው ማየት አይችልም። ዘፈኑ ጣቱ ውስጥ ሲገባ ነው ዓይኑ ነፃ የሚሆነው።

ሁለቱ ዓለሞች የተገናኙት በምሽት ክበቦች ነው። ከክቡር ዘበኛ የመጡ ሙዚቀኞች ከሥራ ሰዓት ውጪ አሪዞና ክለብ ይጫወቱ ነበር። እዚያ ቤት አንድ ተላላኪ ወጣት ነበር፤ ከዚያ በፊት ጫማ ሲጠርግ የኖረ የመርካቶ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ምሽት ድምፃዊው ሲቀር ልጁ «እኔ ልዝፈን» ብሎ ጠየቀ። ዘፈነ፣ ተወደደ፣ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ። ማህሙድ አህመድ ነው። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው እንደ ዕድል ታሪክ ነው። ግን አስቡት፤ ወደ ማይክሮፎኑ ከመምጣቱ በፊት ያንን ክፍል ከጓዳው በኩል ሲያየው ከርሟል። የትኛው ዘፈን ሰውን ከወንበር እንደሚያስነሳ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የት ይገኛል?

በሩ ሲዘጋ

ከዚያ የግል ባንዶች መጡ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ከፈተ። ሆቴሎች የራሳቸውን ባንድ መያዝ ጀመሩ፦ ራስ ሆቴል አይቤክስ፣ ሒልተን ዋልያስ። ቋሚ ባንድ ማለት አንድ ቤት፣ አንድ ቡድን፣ ሳምንቱን ሙሉ ማለት ነው።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሰዓቱ ሳይደርስ ቤቱ ያልገባ ሰው እስኪነጋ መንቀሳቀስ አይችልም። ታዲያ ሒልተንን በመሳሰሉ ቤቶች ለመዝናናት የመጣው ሰው እዚያው ያነጋ ነበር፤ በሩ ተዘግቶ፣ ሙዚቃው ሳይቋረጥ። ውጭ ቀይ ሽብር ነው፣ ውስጥ ኦርጋንና ሳክስፎን።

ይህን እንደ ሮማንቲክ ትዝታ ማውራት ይቀላል። ለሙዚቀኛው ግን ከባድ ሥራ ነበር። አርባ ደቂቃ የሚሆን የተመረጠ ዝርዝር ይዞ መጥቶ አጨብጭበውለት የሚሄድበት ምሽት አይደለም። እራት ለሚበላው ለስላሳ ነገር፣ ለውጭ እንግዳው ጃዝ፣ ለጨፋሪው ጭክጭካ ያስፈልጋል። ሌሊቱ ሲጋመስ ሰው ይደክማል፤ ያን ጊዜ ትዝታ። ሊነጋ ሲል ደግሞ እንቅልፍ የሚያባርር። እንዲህ ያለ ምሽት በወረቀት ላይ ቀድሞ አይጻፍም። ኦርጋኒስቱ የጨፋሪውን ትከሻ እያየ ያራዝማል፣ ከበሮ መቺው ወንበር ሲጎተት ሰምቶ ምቱን ይቀንሳል። ነገም ያው ሰው ያው ወንበር ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ትናንት ያልሠራውን ዛሬ ማስተካከል ይቻላል። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» ያለ ዘፋኝ የሚሄድ የሙዚቃ መሣሪያ አልበም ነው፤ ግጥም በሳንሱር እጅ በሚያልፍበት ዘመን ያለ ቃል ሰውን መያዝ የቻለ ባንድ ነበር ማለት ነው።

አዝማሪው ሦስተኛውን ሥራ ብቻውን ይሠራ ነበር። የሆቴል ባንድ ደግሞ በቡድን ሠራው።

ደመወዙ ሲቆረጥ

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ለትርዒት አሜሪካ ሄደ፤ ከአባላቱ አራቱ እዚያው ቀሩ። አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኮፈን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞ ሥራው በድጋሚ ታትሞ ሲወጣ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ከሦስት ሰው ባንድ ጋር ዓለምን ዞረ።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ካሴት ገነነ። አይቤክስ ሮሃ ሆኖ የብዙ ድምፃውያንን አልበም አጀበ። ከዚያ ከበሮውንም ቤዙንም ብራሱንም አንድ ላይ የያዘ ኪቦርድ መጣ። ለክለብ ባለቤት ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ ለስምንት ሰው ከመክፈል ለአንድ መክፈል ይረክሳል። ሰዓት እላፊው በተነሳ ጊዜ በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ሲያንሰራሩ ትልልቆቹ ባንዶች ግን ቤት አልባ እየሆኑ ሄዱ።

ልማዱን ለመመለስ የሞከሩ ነበሩ። በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ ለቀድሞዎቹ ድምፃውያንም ለአዳዲሶቹ ሙዚቀኞችም ቋሚ ምሽት የሰጠ ቤት ነበር። ጥር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ሲቃጠል እሱም አብሮ ጠፋ። ሕንፃ ይታደሳል፤ በየሳምንቱ እዚያ ቤት የሚገናኙ ሙዚቀኞችና ታዳሚዎች ግን አንዴ ከተበተኑ መሰብሰብ ይከብዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ባንድ ካላችሁ በዓመት ሦስት ትልልቅ ዝግጅት ከማሳደድ በፊት አንድ ትንሽ ቤት ፈልጉ። ካፌ ይሁን፣ ሬስቶራንት ይሁን፣ አርባ ሰው የሚይዝ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን፣ ያው ቀን፣ ለስድስት ወር። ክፍያው መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። ግን በትልቅ መድረክ ላይ መብራቱ ዓይናችሁን ስለሚወጋ የሰው ፊት አታዩም፤ ፊት ማንበብ የሚለመደው ትንሽ ቤት ውስጥ ነው።

ዘፈኖቹን ስልክ ላይ ያለ ግጥምና ኮርድ ሳታዩ እስክትጫወቱ ተለማመዱ፤ የክቡር ዘበኛን ያህል ባይሆንም ግማሹን። ከላፕቶፕ የሚለቀቅ ትራክ ካላችሁ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዘፈን ላይ አጥፉት። ትራክ ጨፋሪው ሲሞቅ አይራዘምም፣ ሲበርድም አያጥርም። በእያንዳንዱ ምሽት ውስጥ ያልተወሰነ ቦታ ተዉ፦ አንድ ዘፈን የሚመረጥበት፣ አንድ ዘፈን ሰው እስከፈለገ የሚሄድበት። ከመድረክ ስትወርዱ ደግሞ «እንዴት ተጫወትን?» ብላችሁ ብቻ አትለያዩ፤ «ሰው የት ጋ ወሬ ጀመረ? የት ጋ ዝም አለ?» ተባባሉ።

ታዳሚ የሆንን ሰዎችም ድርሻ አለን። ከባለ ስሙ ዘፋኝ ኮንሰርት ቲኬት ዋጋ ላይ ትንሿን ቀንሰን ሰፈራችን ውስጥ ማክሰኞ ማታ የሚጫወተውን ባንድ ብናይ ያ ቤት ለኪቦርዲስት ብቻ ከመክፈል ሊተርፍ ይችላል። ስንሄድም ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። የድሮው ታዳሚ ስንኝ ይወረውር ነበር፤ እኛ ቢያንስ ፊታችንን እናሳያቸው። ባንዱ የሚቀበለው ነገር ከሌለ ምን ይመልሳል?