መዳብን ማጥራት ወይስ መደባለቅ? የኤሌክትሪክ ሽቦ ታሪክና የግራፊን ተስፋ

ስለ ኤሌክትሪክ የሚጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚያተኵረው በመብራቱና በሞተሩ ላይ ነው፤ ኃይሉን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያደርሰው ሽቦ ግን እምብዛም አይታወስም። ነገር ግን ከማመንጫው የተነሣው ኃይል ሁሉ ከቤት አይደርስም፤ ከፊሉ በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሽቦው ጠባይ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ሽቦው ከምን ከምን ሲሠራ እንደ ቈየ ከመረመርን በኋላ፣ ግራፊንን ከብረታ ብረት ጋር ለማዋሐድ የሚደረገው ጥረት ከዚያ ታሪክ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1729 እስቲፈን ግሬይ የተባለው እንግሊዛዊ የኤሌክትሪክ ኃይል በገመድ በኩል ርቆ እንደሚሄድ፣ በሐር ክር ግን እንደሚገታ አሳየ። አስተላላፊውን ከማያስተላልፈው መለየት የተጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው። የመዳብ ጥራት ትልቅ ጥያቄ የሆነው ግን የቴሌግራፍ ሽቦ በባሕር ሥር ለመዘርጋት በታሰበ ጊዜ ነው። በ1857 ዊልያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ የልዩ ልዩ ፋብሪካዎችን የመዳብ ሽቦ ቢመረምር፣ ለዓይን አንድ የሚመስለው መዳብ ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ እጅግ የተለያየ ሆኖ አገኘው። ቀጥሎም ኦገስተስ ማቲሰን በ1860 ገደማ እንደ አርሴኒክና እንደ ፎስፎረስ ያለ ባዕድ ነገር ጥቂት እንኳ ቢገባበት መዳቡ እንደሚደክም ገለጠ፤ ከንጹሕ መዳብ የተሻለ የሚያስተላልፍ የመዳብ ቅይጥም አላገኘም። ምክንያቱም ባዕዱ አቶም የመዳቡን ሥርዐት ስለሚያውክ ኤሌክትሮኖቹ ይሰናከላሉ። ከዚያ ወዲህ የሽቦ ታሪክ የማጥራት ታሪክ ሆነ ለማለት ይቻላል። በ1913 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ መለኪያም የጊዜውን ጥሩ መዳብ 100 ብሎ ሌላውን ሁሉ ከእርሱ ጋር ያነጻጽራል።

ይሁን እንጂ ማስተላለፍ ብቻውን ሽቦን አያስመርጥም። በዚህ መለኪያ ብር ከመዳብ በ6 ከመቶ ያህል ይበልጣል፤ ነገር ግን ዋጋው ውድ ስለ ሆነ የኃይል መስመር አልሆነም። መዳብ ለጦር መሣሪያ በተፈለገበት በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ከግምጃ ቤቱ ከ13,000 ቶን የሚበልጥ ብር አውጥቶ በኦክ ሪጅ ለነበሩት ታላላቅ ማግኔቶች መጠምጠሚያ አዋለው፤ የመጨረሻው ብር የተመለሰው በ1970 ነው። አሉሚኒየም በበኩሉ 61 ከመቶ ያህል ብቻ ቢያስተላልፍም እጅግ ቀላል ነው፤ እኩል ኃይል ለማስተላለፍ ከመዳቡ ክብደት ግማሽ ያህሉ ይበቃዋል። ድካሙ ጥንካሬ ማጣቱ ስለ ነበረ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በመካከሉ የአረብ ብረት ልብ ገባለት። በአገራችንም በኮረብታና በሸለቆ ላይ በሚያልፉት የከፍተኛ ኃይል መስመሮች ይህ ዐይነት ሽቦ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ብረቱ ከአሉሚኒየሙ ጋር ቀልጦ አለመቀላቀሉ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይሠራል።

ወደ ግራፊን እንመለስ። ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ገጽ ነው፤ ሦስት ሚሊዮን ያህሉ ቢደራረብ አንድ ሚሊሜትር ይሞላል። በ2004 አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በሚያጣብቅ ፕላስተር ከግራፋይት ላይ ልጠው አጠኑት፤ ስለዚህም በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በግራፊን ውስጥ ኤሌክትሮኖች በቀላሉ ይሮጣሉ፤ ነገር ግን ቍጥራቸው ጥቂት ነው። በመዳብ ውስጥ ቍጥራቸው ብዙ ነው፤ ነገር ግን እርምጃቸው ቶሎ ቶሎ ይሰናከላል። ስለዚህ ብዛቱን ከመዳቡ፣ ፍጥነቱን ከግራፊኑ ለማግኘት ታሰበ።

ይህ አሳብ የማቲሰንን ትምህርት የሚቃረን ይመስላል። በእርግጥም ብዙ ጊዜ የግራፊን ዱቄት ከመዳብ ዱቄት ጋር ሲደባለቅ ግራፊኑ እየተጓጐለ ክፍተት ስለሚተው፣ ውጤቱ ከንጹሕ መዳብ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። የቀለጠ መዳብም ካርቦንን አያርሰውም፤ ውሃ በቅባት ላይ እንደሚንከባለል ይሸሸዋል። በአሉሚኒየም በኩል ደግሞ ካርቦኑ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ የአሉሚኒየም ካርባይድ የተባለ ተሰባሪ ነገር ይሆናል፤ ይህም ውሃ ሲነካው ይፈርሳል።

ነገር ግን ችግሩ ራሱ መንገድ ከፈተ። ካርቦን በመዳብ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ፣ በ2009 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመዳብ ገጽ ላይ ሰፊ ግራፊን ለማሳደግ ቻሉ። በ2019 የሻንጋይ ጂያኦ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ገጽ ደራርበው በሙቀት በመጫን 117 ከመቶ የሚያስተላልፍ ናሙና እንዳገኙ አስታወቁ። በአሜሪካ የፓሲፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ላቦራቶሪ ደግሞ መዳቡን ሳያቀልጡ በማሽከርከርና በመግፋት ከሚሊዮን 18 ክፍል ብቻ ግራፊን አገቡበት። መዳብ በአንድ ዲግሪ ሙቀት 0.39 ከመቶ ያህል እየደከመ ይሄዳል፤ የእነርሱ ሽቦ ግን ይህን ድካም በ11 ከመቶ ቀነሰው። ሁልጊዜ እየጋለ ለሚሠራ ሞተር ይህ ጥቅም ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ እኛ እንደምናየው፣ ማቲሰን አልተሳሳተም። መዳብን የሚጐዳው በውስጡ የሚሟሟው ባዕድ ነው፤ ግራፊን ግን ገጹን ጠብቆ ከመዳቡ ጎን ሲቆም፣ የአረብ ብረቱ ልብ በአሉሚኒየሙ መካከል እንደ ቆመ ያለ ነው። ሆኖም የብር ታሪክ ሊረሳ አይገባም፤ በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ከመዳብ መብለጥ ብቻ የኃይል መስመር አያሰኝም። የግራፊን ሽቦ የሚፈረድበት በአንድ ቁራጭ ናሙና ሳይሆን በብዙ ኪሎሜትር ርዝመት፣ በመጋጠሚያው ጥንካሬና በዋጋው ይሆናል ብለን እናምናለን።